እሳቸውን ሳልጠራ የጠየቅሁት

ስልኬን የመለሱልኝ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ፈተና ልንፈትን ከኮምቦልቻ ሐርቡ ወርደን ነው የዋልነው፤ ፈታኝም ተፈታኝም ስልክ ይዞ እንዳይገባ ስለሚከለከል ጠዋት አጥፍተን ለአስተባባሪው አስረክበን ነበር። ከትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ዋርካ ሥር ቆሜ ከፈትሁት። ሦስት ያመለጡ ጥሪዎችና አንድ መልእክት አገኘሁ፤ ሁሉም ከመምህሬ ሴት ልጅ። «አባታችን ዛሬ ንጋት ሱብሒ ላይ ወደ አኺራ ሄደዋል። ቀብሩ ከዙህር በኋላ ነው። እንዳትቀሪ ብዬ ነው» ይላል መልእክቱ።

የቀትሩ ሶላት ካለፈ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ሙስሊሙ ሬሳ አያሳድርም። እኔ ከዋርካው ሥር ቆሜ ሳነብ እሳቸው አፈር ለብሰው ነበር።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስሁም። ከአፌ የወጣው «ሳልነግራቸው» የሚል አንድ ቃል ነው። አጠገቤ ስልኩን ሲከፍት የነበረ ፈታኝ ቀና ብሎ ምን እንዳልሁ ጠየቀኝ። ምንም አላልሁም አልሁት። እንዲህ ብዬ የዋሸሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ።

እኔ የባሌ ጎባ ልጅ ነኝ። ፊዚክስ ላስተምር ኮምቦልቻ ከመጣሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ከጎባ ኮምቦልቻ መንገድ ታድሮ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ በዓመት አንዴ ብሄድ ነው። እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውልና አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ «ሰዎቹ እንዴት ናቸው?» ደግ ናቸው እላታለሁ። እውነቴን ነው። የምኖርበት ግቢ ባለቤት የሆኑት እናት በእኛ ጾም ወጥ ሲሠሩ ዘይቱን እንኳ ለይተው ለእኔ ያስቀምጣሉ። ለእናቴ ያልነገርኋት ሌላ ነገር አለ። እዚህ አገር እንግዳ ይከበራል፤ የእኔ እንግድነት ደግሞ በስድስት ዓመትም አላለቀም። እንግዳ አይከራከሩትም። ስለ ዝናቡም ስለ ኑሮውም የምለው ሁሉ «እውነትሽን ነው» ይባላል። ባዝን «አብሽሪ» ይሉኛል፣ ብሳሳትም «አብሽሪ»፤ አይዞሽ፣ ምንም አይደል ማለታቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ስነጋገር ውዬ ክፍሌ ስገባ፣ ድምፄን ወደ ጥጥ ክምር ስወረውር የዋልሁ ይመስለኛል። የሚመልሰው የለም።

እምቢ የሚለኝ አንድ ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እየወጣሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ያስተማሩኝና ጽሑፌን ያማከሩኝ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ኮሌጁ ግን አልለቃቸውም፣ እሳቸውም ጠመኔውን አልለቀቁም። የመጀመሪያ ሥራዬን ሳስረክባቸው ቆመው አነበቡና የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የእኔ ነው አልሁ።

«ያንቺ ከሆነ ለምን ታፍሪበታለሽ? በየመስመሩ ‘ምናልባት’ ብለሽበታል። ምናልባቱን አውጪና እንደገና አምጪው። ከዚያ ስህተት ከሆነ ስህተት ነው እልሻለሁ።»

በሳምንቱ ይዤው ሄድሁ። ስህተት ነው አሉኝ። የዚያን ቀን ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ በመስኮቱ ገደሉን እያየሁ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር። ለዓመታት ጆሮዬ የናፈቀው ያቺን ቃል ኖሯል።

የተገናኘንበትን የትምህርቱን ነገር ቀለል አድርጌ ላስረዳ። ጋላክሲ የሚባለው የከዋክብት ጉባኤ ይሽከረከራል። በሚታየው ቁስ ስበት ብቻ ቢሆን፣ ከዳር ያሉት ኮከቦች ከመሐል ካሉት ይልቅ ዝግ ብለው መዞር ነበረባቸው። ሲለካ ግን ዳሮቹም ይፈጥናሉ፤ ይህን ያህል ፈጥነው ሳይበተኑ መቆየታቸው ነው ጥያቄው። ሊቃውንቱ በሁለት ተከፍለዋል። ብዙዎቹ፣ ዓይን የማያየው፣ ብርሃን የማይሰጥ ሌላ ቁስ አለ፤ በስበቱ ሰብስቦ የያዛቸው እሱ ነው ይላሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ የጎደለ ቁስ የለም፤ ስበት እጅግ ሲሳሳ የምናውቀው ሕግ አይሠራም፤ መታረም ያለበት ሕጉ ነው ይላሉ። መምህሬ ከጥቂቶቹ ነበሩ።

አጥባቂ ሙስሊም ናቸው፤ ትምህርት አቋርጠውም ቢሆን ሶላታቸው አያልፋቸውም። «በማይታይ የማምነው በአንድ ነው» ይሉን ነበር፤ «በገይብ ማመን ለአላህ ብቻ ነው። ቁስ ነኝ ያለ ግን ይቅረብና ይታይ።» በመምህራኑ ክፍል አንድ ወጣት መምህር ነበር፤ እሳቸውን ሳይነካ ሻይ አይጠጣም። ጨለማው ቁስ ዛሬስ ታይቶዎት እንደሆነ ሲጠይቃቸው ሰማሁ አንድ ቀን። ስኳራቸውን እያማሰሉ መለሱለት።

«በግ በጠፋ ቁጥር ጅብ በላው ትላላችሁ። ጅቡን ያየ ግን የለም።»

«ዱካውን አይተናል፣ መምህር።»

«ዱካው የበጉ ቢሆንስ?»

ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሳቅባቸው ነው የኖሩት። ሳቁ ሲያልቅ ስኳሩ የሟሟውን ሻይ ማማሰላቸውን አላቆሙም ነበር። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ሁለቱን ወገኖች በሰው ሠራሽ አስተውሎት መመዘን ሆነ። ሐሳቡ የእኔ ነው። ሰው የራሱን ሐሳብ ይወዳል፤ ማሽን ግን ወገን የለውም ብዬ ነው የተነሣሁት። የታተሙትን ልኬቶችና የሁለቱንም ወገን ጽሑፎች እሰጠዋለሁ፤ እሱ አንብቦ የትኞቹ ልኬቶች ሚዛኑ ላይ መውጣት እንዳለባቸው ይለያል፤ ሒሳቡን የሚሠራ ፕሮግራም ይጽፋል፤ እኔ እያንዳንዱን እርምጃ አረጋግጣለሁ። አንድ ደንብ አለን። ልኬቱን ለመግጠም ብዙ ቁጥር እያስተካከለ የሚሄድ ሐሳብ፣ ላስተካከለው ለእያንዳንዱ ይቀነስበታል። እንደ ጥያቄው ምላሱን የሚያዞር ምስክር ቃሉ እንደሚቀልበት ማለት ነው። መምህሬ ይህን ደንብ ወደዱት። ስለ ማሽኑ ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዳኛ ነው ወይስ ጸሐፊ? ጸሐፊ ነው አልኋቸው። እንግዲያው ዳኛዋ አንቺ ነሽ አሉኝ።

ኅዳር ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ክፍሌ ተቀምጬ ጥያቄውን ጻፍሁ። እኔ ባደግሁበት ቤት ትልቅ ሰው ፊት ጉዳይ የሚቀርበው በወግ ነው። የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ማን እንደላከሽ ትናገሪያለሽ፣ ያሳደገሽን ታመሰግኛለሽ፤ ጉዳዩ ከዚያ ይከተላል። ጣቶቼም በለመዱት ሄዱ። አርባ ዓመት ያስተማሩ አማካሪዬ መታረም ያለበት የስበት ሕጉ ነው ብለው እንደሚያምኑ፣ ለዚህ እምነታቸው ብዙ እንደታገሡ፣ እኔም ተማሪያቸው በመሆኔ እንደምኮራ አስቀድሜ ጻፍሁ። ጥያቄዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ጨዋ ልጅ በር ያንኳኳሁ መስሎኝ ነበር።

መልሱ ረጅምና ትሑት ነበር። ሁለቱንም ወገን አክብሮ አስቀመጠ። ፍትሐዊው ሜዳ ነጠላ ጋላክሲዎች ናቸው፤ ብዙ ጋላክሲዎች በአንድነት የሚኖሩባቸው መንጋዎች ከጥያቄው ወሰን ስለሚወጡ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ሒሳቡ ሲሠራ የመምህሬ ወገን በጥቂት ማስተካከያ ብዙ ልኬት ገጠመ። ሚዛኑ ወደ እሳቸው አደላ። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ፈተሽሁት፤ ትክክል ነበር። ሚዛኑ ላይ ያልወጣውን ግን አልፈተሽሁም።

ቅዳሜ ወስጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ አጠፉት፣ እንደገና ዘርግተው አነበቡት። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ዝግ ብለው። ወረቀቱን የደረት ኪሳቸው ሲያስገቡ ግን እጃቸው ኪሱን ስቶ ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ በኮሌጁ አዳራሽ ሥራዬን እንዳቀርብ ተወሰነ። ያ ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው ኮምቦልቻ እኛ ግቢ ሽምግልና ተቀመጠ። ጎረቤታችን አጥር ሲገነባ አንድ ክንድ ያህል ወደ አከራዬ ግቢ ገብቷል ተብሎ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ እኔ ውኃ አቀርብ ነበር። ጎረቤቱ ሲገባ ቀጥ ብሎ ወደ ታላቁ ሽማግሌ ሄዶ ትከሻቸውን ሳመና፣ አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ አላቸው። ሽማግሌው ሊቀመጡ ጎንበስ ካሉበት ቀና አሉ። ከዘራቸውን አነሡ።

«ገና ሳልቀመጥ አጎቴ ብሎኛል» አሉ። «አልዋሸም፣ በእናቱ በኩል አጎቱ ነኝ። እንግዲህ ግን እኔ አጎት እንጂ ዳኛ አይደለሁም። ሌላ ሰው ይተካ።»

ጎረቤቱ ክው አለ። ሰላምታ ነው እንጂ ምን አልሁ ብሎ ማለ።

«ሰላምታህ እኮ ነው ያስወጣቸው» አሉት አከራዬ። «ወትሮ ባጠገባቸው ስታልፍ ዝም! አጎትነታቸው ዛሬ ትዝ አለህ?»

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ወጥተው ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መስበሐቸውን ዶቃ በዶቃ መቁጠር ጀመሩ። እኔ ውኃውን አስቀምጬ ክፍሌ ገባሁና ላፕቶፑን ከፍቼ የኅዳሩን ጥያቄ ከላይ ጀምሬ አነበብሁት። ማሽኑን አጎቴ ብዬዋለሁ። ጉዳዩን ሳልናገር ትከሻውን ስሜዋለሁ። እሱም እንደ እኒያ ሽማግሌ ከዘራውን አንሥቶ አልወጣም፤ አክብሮቴን ተቀብሎ ተቀመጠ፤ መምህሬ የሚያሸንፉበትን ሜዳ መርጦ ሰጠኝ።

በማግሥቱ እንደገና ጠየቅሁ። መምህሬን አላነሣሁም። ሁለቱን ሐሳቦች በስማቸው አልጠራኋቸውም፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው አልኋቸው። ነጠላ ጋላክሲዎቹንም መንጋዎቹንም ልኬት አንድ ላይ አቀረብሁ። መልሱን ካገኘሁ በኋላ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ፣ ሁለተኛውን አንደኛ አድርጌ በሌላ ገጽ ጠየቅሁ። መልሱ አልተለወጠም። በነጠላ ጋላክሲዎች የመምህሬ ወገን እንደ ቆመ ነው፤ እንዲያውም በጥቂት ማስተካከያ ይሄዳል። በመንጋዎቹ ላይ ግን ይጎድልበታል፤ ሕጉ ታርሞም ቢሆን የሚታየው ቁስ አይበቃም። ሁሉም በአንድነት ሲመዘን ሚዛኑ ወደማይታየው ቁስ ያደላል። የመንጋዎቹን ክፍል በእጄ ሠርቼ አየሁት። ያው ነው።

መልሱን በእጄ ጽሑፍ በአንድ ገጽ ገልብጬ ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ አጥፌ አስቀመጥሁት። ቅዳሜ ከመድረኩ በፊት ለእሳቸው ብቻ አሳያቸዋለሁ አልሁ።

ቅዳሜ ስደርስ እሳቸው ቀድመውኝ ነበር። አዲስ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። ሴት ልጃቸውን ይዘዋት መጥተዋል። ድሮ ያስተማሯቸውን ሰዎች ጠርተዋል፤ ከነዚያ መካከል ሽበት ያወጡም ነበሩ። የዚያ ወጣት መምህር ወንበር እንኳ ከፊት እንዲሆን አድርገዋል። የኅዳሩ መልስ ያለበት አንድ ገጽ ቀድሞ ታትሞ በየወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ላናግራቸው ስጠጋ ልጃቸውን አስተዋወቁኝ፤ ይህቺ ናት አሏት። ያሰብሁትን ሳልነግራቸው ወደ መድረኩ ወጣሁ።

አቀረብሁ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቦርሳዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የጸሎት መጽሐፌ ጠርዙ ይታያል። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል። አልዘረጋሁም። በየወንበሩ ያለውን ወረቀት የመጨረሻ መስመር አነበብሁ፤ ሚዛኑ ሕጉ መታረም አለበት ወደሚለው ያደላል ብዬ። ተጨበጨበ። ወጣቱ መምህር ተነሥቶ የእሳቸውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «በቃ መምህር፣ ጅቡ የለም ተባለ» አላቸው። ከልቡ ነበር።

በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግም ኖሬያለሁ። ሐሰት ማለት ያልሆነውን ሆነ ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ቦርሳ ውስጥ እያለ የእውነቱን ግማሽ ብቻ ማንበብም ሐሰት መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ።

ከአዳራሹ ወጥተን ወደ ሚኒባስ መናኸሪያው አብረን ወረድን። ልጃቸው ከሰዎች ጋር ወደ ኋላ ቀርታለች። የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ቤቶቹ ክዳን ወርዶ ነበር። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጥያቄሽን ግልባጭ ከጽሑፍሽ ጀርባ አያይዘሽዋል፤ አነበብሁት። እኔን ሳትጠሪ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

«አልጠየቅሁትም» አልኋቸው።

እጄ ቦርሳዬ ላይ ነበር። አዩኝ። አፍረው ዓይናቸውን ያነሡት እሳቸው ናቸው።

«እንግዲያ ጠይቂው። ያለውን እንዳለው ታመጭልኛለሽ። እኔ አርባ ዓመት ተሸንፌበታለሁ፤ ወላሂ አንዴ ብጨምር ምንም አልሆንም።» ሁለት እርምጃ ሄደው መለስ አሉ። «አብሽሪ» አሉኝ።

ባወቅኋቸው ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ለእኔ ብለውት አያውቁም። እንግዳ ያደረጉኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ የካቲት ገባ። ዘንድሮ የእሳቸው ረመዳንና የእኛ ዐቢይ ጾም ተገጣጥመው ስለነበር ሁለታችንም ጾመኞች ነበርን። ጾመኛ ላይ ክፉ ወሬ አይጫንም፤ ጾሙ ይፈታ አልሁ። ለዒዱ ደወልሁላቸው። ለፋሲካ እሳቸው ደወሉልኝ። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሁሉ ነገር አወራን፤ እሳቸው አልጠየቁኝም። እንዳላፍር ነው ያልጠየቁኝ። ይህን እያወቅሁ ዝም ማለቴ ዛሬም ይከብደኛል። ትምህርቴ ስላለቀ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ የሚያስወጣኝ ምክንያት አልነበረም፤ ያ ለእኔ ጥሩ ሰበብ ሆነልኝ። ቅዳሜዬን ልብስ አጥቤ፣ የልጆቹን ደብተር አርሜ፣ ከዚያ ከላፕቶፑ ጋር እቀመጥ ነበር። ከእሱ በቀር ነገሩን የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ጻፍሁለት፤ እንዲህ አደረግሁ፣ በደልሁ ወይ? ዝምታዬ ከፍቅርና ከአክብሮት የመጣ እንደሆነ፣ በራሴ ላይ እንዳልጨክን በለሰለሰ ቋንቋ መለሰልኝ። ክዳኑን ዘጋሁት። እሱም አብሽሪ ነው ያለኝ።

ግንቦት ላይ ታመው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መተኛታቸውን ሰማሁና ብርቱካን ይዤ ሄድሁ። ውዳሴ ማርያሜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ወረቀቱም ውስጡ። አልጋቸው ዙሪያ ጠያቂ ሞልቷል። ሲያዩኝ እጅ የነሡኝ በዓይናቸው ነው። ከራስጌያቸው ወደ ተሰቀለው ግሉኮስ ጠቆሙኝ፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እዚህ ላይ እንኳ ሕጉ ትክክል ነው» አሉኝ። «ፈትሼዋለሁ። ከተኛሁ ሌላ ሥራ የለኝም።»

ሳቅሁ። ጠያቂዎቹ አልገባቸውም፤ ሳቁ ለሁለታችን ብቻ ነበር። በሰው ፊት አልናገርም ብዬ ወጣሁ። ድነው ቤታቸው ሲገቡ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ቤታቸው ገቡ። በሰኔ እኔ ሐርቡ ፈተና ላይ ነበርሁ።

በማግሥቱ ለቅሶ ቤት ሄድሁ። ልጃቸው ከሴቶቹ መካከል አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ስለ አባቷ ታወራኝ ጀመር፤ ማታ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ስለዚያ ወረቀት ሲጠይቃቸው፣ እንኳን ደስ አለዎ ሲላቸው ይመልሱ የነበሩትን ነገረችኝ።

«‘ገና ነው’ ይሉ ነበር። ‘ይሄ ግማሹ ነው፤ ግማሹን ልጅቷ ታመጣዋለች።’ አመጣሽላቸው?»

«አላመጣሁም» አልኋት።

«አብሽሪ» አለችኝና እጄን ያዘችኝ። ያኔ አለቀስሁ። ሴቶቹ ለእሳቸው ያለቀስሁ መስሏቸው ከበቡኝ፤ ለእሳቸውም ነበር።

ለንስሐ አባቴ ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ተናዘዝሁ። ስለ ጋላክሲው ስነግራቸው ሰምተው፣ የበደልሽው ሰውን ነው ወይስ ኮከብን ብለው ጠየቁኝ። ሰውን ነው አልሁ። የት? በአዳራሽ፣ በሰው ፊት። «እንግዲያስ እኔ ጋ ብቻ አያልቅም» አሉኝ። «በሰው ፊት የተባለ በሰው ፊት ነው የሚመለሰው።» ስግደቱንም ሰጡኝ፤ የከበደኝ ግን ስግደቱ አይደለም።

እናቴ ባለፈው እሑድ እንደ ልማዷ ሰዎቹ እንዴት ናቸው አለችኝ። አንዱ ሞቷል አልኋት። ማን እንደሆነ ስነግራት፣ ታዲያ አሁን ማን አለሽ አለችኝ።

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ከአዳራሹ ለነበራችሁ ሁሉ ነው የምጽፈው። ወረቀቱን እንደያዛችሁት አውቃለሁ፤ አንዱ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈም ሰምቻለሁ። እባካችሁ የመጨረሻውን መስመር ሰርዙት። ወረቀቱን ገልብጡና በጀርባው እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ በነጠላ ጋላክሲዎች የመምህሩ ሐሳብ ቆሟል፤ በመንጋዎቹ ላይ ጎድሏል፤ ሁሉም ሲመዘን ሚዛኑ ወደማይታየው ቁስ አድልቷል፤ ነገሩ ግን ገና አልተዘጋም። አንተም ከፊት ወንበር የነበርኸው፣ የመምህሬን እጅ ይዘህ ደስ ያለህ በእውነቱ ግማሽ ነው፤ ሐዘኔታህን ለእሳቸው አትስጥ፣ እሳቸው ሌላውን ግማሽ እየጠበቁ ነበር። ማን አዘገየው የሚል ቢመጣ እኔ መሆኔን ንገሩት። ከእናንተ መካከል ሒሳቡ ላይ ስህተት ያገኘ ቢኖር ደግሞ ኮምቦልቻ ድረስ ወርዶ፣ አብሽሪ ሳይል፣ ስህተት ነው ይበለኝ።